ባለአራት ጥጉ ዳቦ

ዘኪያ ይመር ሰው ፊት መናገር አይሆንላትም ነበር። ጎብዬ ገበያ ስፌቷን ይዛ ስትወጣ እንኳ ከስፌት ሻጮቹ ሁሉ ጫፍ ላይ፣ ጀርባዋን ለቁልቋሉ አጥር ሰጥታ ነው የምትቀመጠው። ሌሎቹ «ነይ እይው፣ ነይ በእጅሽ ዳስሺው!» እያሉ ገበያተኛውን ሲጣሩ እሷ ዝም ነው። ዋጋ ሲጠይቋት ነጠላዋን አፏ ላይ ጣል አድርጋ በጣቷ ታሳያለች። «የዚችን ሴት ምላስ ማን ሰፋው?» ይሉ ነበር።

ሥራዋን ግን የማያውቅ የለም። ከእጇ የወጣ ሌማት ጥለቱ ዞሮ ዞሮ ከተነሳበት ቦታ ሲደርስ አንዲት ስንጥር ታህል አይዛነፍም። ምስጢሩ ቀላል ነው። ጥለት ከመጀመሯ በፊት አንዲት አክርማ በውሃ አርሳ በስፌቱ ጠርዝ ዙሪያ ትጠመጥማትና ጫፍና ጫፏ ሲገናኝ ትቆርጣታለች። ከዚያ ያችን ሣር ለሁለት ታጥፋታለች፤ እንደገና ለሁለት ታጥፋታለች። የታጠፈችውን ጠርዙ ላይ እያስተኛች በወስፌዋ ጫፍ አራት ቦታ ምልክት ታደርጋለች። በቃ፣ ክቡ ለአራት ተከፈለ። ከእናቷ ያየችው ነው። ይህ ነገር ሂሳብ ነው ያላት ሰው የለም፤ እሷም ሂሳብ የተማሪ ቤት ነገር ነው ብላ ነው የምታስበው። ፊደል እንደሆነ ከ«ሀ» እስከ «መ» ብቻ ነው የምታውቀው፤ እሱንም ሰው ፊት አትለውም።

ዝናቡ ሲከዳ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። በስልሳ ስድስት መግቢያ የራያ ቆላ ማሽላ ሳያሽት አገዳው ላይ ቀረ። አገዳውን ከብቱ ጨረሰው፤ ከብቱን ደግሞ ድርቁ ጨረሰው። የዘኪያ ባል ሥራ ፍለጋ ወደ ሑመራ እንደወጣ ወሬው ጠፋ። ልጅ አልነበራትም። ቤቷን ዘግታ፣ ወስፌዋንና አንዲት እስር አክርማ በመቀነቷ ቋጥራ ወደ ቆቦ መጣች። ሌላ የሚያዝ ነገር አልቀረም ነበር።

ቆቦ ላይ ከመኪናው መንገድ ዳር አንድ አሮጌ መጋዘን ነበር። መጠለያ የተባለው እሱ ነው። ትልልቁ ሰው በካርድ ተሰልፎ ንፍሮ ይቀበላል፤ አንድ ካርድ ለአንድ አፍ። ወላጅ የሌላቸው ልጆች ካርድ የላቸውም። ለእነሱ ረፋድ ላይ ለብቻቸው ዳቦ ይታደላቸዋል። የከተማው ዳቦ ጋጋሪ ሸረፈዲን በየቀኑ አሥራ ሁለት ትልልቅ ክብ ዳቦ ይልካል። ልጆቹ አርባ ስምንት ናቸው።

ከአርባ ስምንቱ ሁለቱ ዘኪያ አጠገብ ነበር የሚያድሩት። አንዷ ኡሙልኸይር ነች። ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ምላሷ ግን የሠላሳ ዓመት ሴት ምላስ ነው። ሌላው ወንድሟ ታሂር ነው፣ ሦስት ዓመቱ። እናታቸው ከዘኪያ ምንጣፍ አጠገብ ተኝታ በገባች በሦስተኛው ቀን አረፈች። ስታርፍ የትንሹን እጅ አንስታ ዘኪያ ጉልበት ላይ አስቀመጠች፤ በቃ ይኸው ነው።  ዘኪያም እጁን አላነሳችውም።

ሰኞ ዕለት ነው ነገሩ የፈነዳው። ከመጠለያው ሁለት ዘበኞች አንዱ ዳቦውን እንደመጣለት እየቦጨቀ ያድላል። ለአንዱ መዳፍ የሚሞላ ይደርሰዋል፣ ለሌላው አውራ ጣት የማታህል። ያነሰው ከበዛለት ይነጥቃል፤ የተነጠቀው ደግሞ ከደካማው። ከማሉዲን የሚባል የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር፤ አባቱን ዋጃ ላይ ቀብሮ ብቻውን በእግሩ የመጣ። ክንዱ ገና አልመነመነም። ያን ቀን ከማሉዲን ተወርውሮ ቅርጫቱ ላይ ወደቀ፤ አርባው ልጅ በላዩ ተከመረ። አቧራው ሲበርድ ታሂር ከሥር ወጣ። አላለቀሰም። ክንዱ ግን ወደማይታጠፍበት ወገን ታጥፎ ነበር።

መጠለያውን የሚመራው አቶ አለሙ የሚባል የጤና ጣቢያ ድሬሰር ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው። የታሂርን ክንድ በሁለት ስንጥር እንጨት ጠፍሮ ካሰረ በኋላ ተነሳና በአንገቱ ያንጠለጠላትን ፊሽካ ያዝ አደረገ።

«ስሙ» አለ። «የልጆቹ ነገር ሥርዓት ካልያዘ ዳቦው ከትልልቆቹ ንፍሮ ጋር አብሮ በካርድ ይታደል የሚል ትእዛዝ መጥቶልኛል። እስካሁን ደብቄው ነበር። አንድ ጠብ ደግሜ ካየሁ ግን አልደብቀውም።»

«ካርድ የሌላቸውሳ?» አለች ተናኜ። ተናኜ ንፍሮ የምትቀቅለው የቆቦ ሴት ናት፤ ሰው ሁሉ የሚፈራውን ጥያቄ እየሳቀች የምትጠይቅ።

አለሙ የታሂርን ክንድ አየና ወደ መጋዘኑ ገባ።

 የዘኪያ ንፍሮ የአንድ ሰው ነው። ከሁለቱ ልጆች ጋር ለሦስት ብትከፍለው ሦስቱም አይነሱም። ተነስታ ወደ መጋዘኑ በር ሄደች፤ ተመለሰች። ደግማ ሄደች። በሦስተኛው አለሙ በሩ ላይ አገኛት።

«ምን ፈለግሽ እቴ?»

«እኔ...» አለችና ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «ዳቦውን... እኔ ብከፍለው?»

ተናኜ ማማሰያዋን እንደያዘች ዞረች። «ውይ ማርያም! ትናገራለች እንዴ? እኔ ዲዳ መስላኝ ወር ሙሉ በእጄ ሳዋራት!»

አለሙ አልሳቀም። «ብትከፍይው ምን ይለወጣል? ልጆቹ ከማን እጅ እንደሚቀበሉ አይደለም ችግሩ። ሌላው በለጠኝ ነው የሚሉት።»

ዘኪያ ከመቀነቷ አንዲት አክርማ መዘዘችና በሩ አጠገብ በነበረው የጣሳ ክዳን ዙሪያ ጠመጠመቻት። ቆረጠች። አጠፈች፤ ደግማ አጠፈች። በወስፌዋ አራት ቦታ ነካ አደረገች። አለሙ ክዳኑን አንስቶ እያዞረ አየው።

«ይህን ልጆቹ ራሳቸው ካወቁት አይጣሉም» አለች፣ ለራሷ የምታወራ ያህል።

«እስከ ነገ ረፋድ አለሽ» አላት።

የውሃው በርሜል ሥር ጭቃ አለ። ከሰዓት በኋላ ልጆቹን እዚያ ሰበሰበቻቸው፤ ሰበሰበቻቸው ከማለት ተናኜ ጮኻ ጠራችላት ማለት ይሻላል። ዓይኑ የጎደጎደ አርባ ስምንት ፊት ሲያያት ጎንበስ ብላ ጭቃውን በመዳፏ ጠፈጠፈችው፤ ጎንበስ ካሉ ሰው አያይም።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች።

«ጭቃ!»

«አይ... ዳቦ ነው እንበል።»

«ዳቦ ከሆነማ ልንብላው!» አለ አንዱ፤ ሳቁ። ከሳቁ መሀል ታሂር በደህና እጁ ቆንጥሮ አፉ ከተተ። ዘኪያ በጣቷ ከአፉ አወጣችለት። ከዚያ የሳቀ አልነበረም።

«ለሁለት ሲሆን ምን ይባላል?»

«እኩሌታ!» ይህን ሁሉም ያውቀዋል፤ የገበሬ ልጆች ናቸው።

«ለሦስትሳ?»

«ሲሶ» አለ ከማሉዲን ከወደ ኋላ። «እሷን ለእኔ ተያት። አባቴ የሲሶ አራሽ ነበር። ባለመሬቱ አውድማ ላይ ይመጣና ከሦስቱ ክምር አንዱን ይጭናል።»

«ትልቁን ነዋ!» አለች ኡሙልኸይር።

«እኩል ናቸው ነው የሚባለው። ግን ከፋዩ አባቴ ነበር፣ መራጩ ባለመሬቱ።»

«እና አባትህ አሳንሶ እንዳይከፍል ነዋ! አንዱን ካሳነሰ ያነሰው ለራሱ ነው የሚቀረው።»

 ዘኪያ ቀና አለች። አባቷ ትዝ አላት። በዒድ ቅርጫ ሲመድብ፣ ሥጋውን ቅጠል ላይ እኩል እኩል ደርድሮ፣ ሰው ሁሉ ካነሳ በኋላ የተረፈችውን መደብ ነበር ተሸክሞ የሚገባው። እናቷ ብትቆጣም «የመደበ መጨረሻ ያነሳል» ይላት ነበር።

«እኛም እንዲያ ነው» አለች ዘኪያ። ድምፅዋ ትንሽ ወጣ። «አራት አራት ትሆናላችሁ። ለአራት አንድ ዳቦ። አንዱ በሣር ይለካል። የለካው መጨረሻ ያነሳል። ያች ከአራት አንዷ... ሩብ ትባላለች።»

እስኪመሽ ድረስ የጭቃ ዳቦ ሲለኩ ዋሉ። ሣሩን አጥብቆ የሳበ አጭር ይወጣለታል፣ ያላላ ረጅም። ኡሙልኸይር አንዱንም አላሳለፈችም። «ይቺ ሩብ አይደለችም፣ ይቺ የሩብ እናት ናት!» እያለች ታፈርሳለች። ሌሎቹ ይሰድቧታል፤ እንደገና ይለካሉ።

ማክሰኞ ረፋድ ዳቦው መጣ። አሥራ ሁለት ክብ ተሠራ፤ የልጆች ክብ፣ አራት አራት። ስድስቱን ወገን ዘኪያ ቆረጠች፣ ስድስቱን ተናኜ። አለሙ ፊሽካውን ከንፈሩ ላይ እንዳደረገ ቆሞ ነበር። ማንም አልተነሳም። የለኩት አሥራ ሁለት ልጆች ዓይናቸውን ሌላው እጅ ላይ ተክለው የመጨረሻዋን ሩብ እስኪያነሱ ድረስ አንድ ድምፅ አልተሰማም፤ ከዚያ የሚታኘክ ብቻ ነው የተሰማው። ረቡዕም እንዲሁ ሆነ። ተናኜ በረቡዕ ሣሩን ተወችው። «እኔ ዳቦ በመስቀል ነው የምቆርሰው፣ ከአያቴ ጀምሮ» ብላ ቢላዋን ከወዲህ ወዲያ፣ ከወዲያ ወዲህ አደረገችው፤ ልክ መጣ። ክብ ከየትም ቢጀምሩት ልክ ይመጣል።

ሐሙስ የመጣው ዳቦ ግን ክብ አልነበረም።

የሸረፈዲን ማገዶ አልቆ ኖሯል። ምድጃውን አንድ ጊዜ ብቻ አንድዶ ሁሉንም በአንዴ ለማስገባት የዘይት ቆርቆሮ ቂጥ ቂጡን እየቆረጠ መጋገሪያ አደረገው። ቅርጫቱ ሲከፈት አሥራ ሁለት ባለአራት ጥግ ዳቦ፣ እንደ ጡብ ተደርድሯል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ አንድ ልጅ።

«ሳጥን!» አለ ሌላው።

ዘኪያ ባለጥግ ነገር ሰፍታ አታውቅም። ሌማት ክብ ነው፣ ሰፌድ ክብ ነው፣ መሶብ ክብ ነው። ልጆቹ ግን ተቀምጠዋል፤ አፋቸውን እየላሱ ይጠብቃሉ። ከአጥሩ ማዶ ትልልቆቹ ለንፍሮ ተሰልፈው ወዲህ ያያሉ። ሣሩን በጠርዙ አዞረች። ክቡ ላይ መነሻ ምልክት ፈልጋ ነበር የምትጀምረው፤ እዚህ ምልክቱ ራሱ አለ፣ ጥጉ። ከጥጉ ጀመረች። ያጠፈችው ሣር ከጥግ እስከ ጥግ ልክ ደረሰ። ደስ አላት፤ ከጥግ ወደ ጥግ ቆረጠችው። አራት ሾጣጣ ሩብ ወጣ፣ ባለሦስት ጥግ። ቀና ሳትል ስድስቱንም ቆረጠች።

ተናኜ በበኩሏ መስቀሏን አደረገች። መስቀሏ ግን ከጥግ ወደ ጥግ አይደለም፤ ከጎን መሀል ወደ ጎን መሀል ነው። ከእሷ ቢላ ሥር አራት ትንንሽ ባለአራት ጥግ ወጣ።

ሁለቱ ሴቶች ጀርባ ለጀርባ ነበሩ። አልተያዩም።

መጀመሪያ ያየው ከማሉዲን ነው። የእሱ ወገን በተናኜ በኩል ነበር። ትንሿን ባለአራት ጥግ ይዞ ወደ ኡሙልኸይር እጅ አየ። የኡሙልኸይር ሾጣጣ ከእሱ በእጥፍ ትረዝማለች።

«ቆይ!» አለ። «ማንም እንዳይበላ! እዩት የነሱን!»

«ምን ሆንክ አንተ?» አለች ኡሙልኸይር፣ እጇን ወደ ኋላ እየሸሸገች።

«ምን ሆንኩ? የእናንተ ይሄን ያህላል፣ የእኛ ይሄን! ሩብ እኩል ነው አላላችሁም? ለራሷ ልጆች ትልቁን ቆርጣላቸው!» ወደ ዘኪያ ዞረ። «እትዬ፣ ባለመሬቱ እንኳ አንቺን አያህልም!»

በተናኜ ወገን ያሉት ሃያ አራቱ ልጆች ብድግ አሉ። በዘኪያ ወገን ያሉት ዳቧቸውን ደረታቸው ላይ አጣብቀው ብድግ አሉ። ታሂር የታሰረ ክንዱን ይዞ እህቱ እግር መሀል ገባ።

«ተቀመጡ!» አለ አለሙ። የተቀመጠ የለም። ለሁለቱ ዘበኞች በእጁ ምልክት ሰጠ፤ ዘበኞቹ ባዶውን ቅርጫት በሁለት ጆሮው ይዘው ወደ ልጆቹ መጡ፣ ዳቦውን መልሰው ሊሰበስቡ። ከአጥሩ ማዶ አንድ ሰው «ወዲህ አምጡት እንግዲህ!» ብሎ ጮኸ።

«ዘኪያ» አለ አለሙ፣ ቀስ ብሎ። «አንድ ነገር በይ። አሁን።»

 ዘኪያ የሁለቱንም ሩብ አየች። የእሷ ይረዝማል፤ ዓይን አይዋሽም። ጠርዙ እኩል እንደሆነ ሣሯ ነግሯታል፤ ሆዱስ? ክቡን ዓይኗ ያውቀዋል፣ ይህን ግን አያውቀውም። ልጁ ልክ ቢሆንስ? ሳታውቅ ለራሷ ልጆች አብልጣ ከሆነስ? 

«ወላሂ አላደላሁም» ልትል ነበር። መሐላ ደግሞ ምን ይጠቅማል፤ ለራበው ሰው አይማሉለትም፣ ያሳዩታል እንጂ።

ወደ ኡሙልኸይር ሄዳ እጇን ዘረጋች። «ስጪኝ።»

«የእኔን?» ልጅቱ ወደ ኋላ አፈገፈገች። «ለምን የእኔን? የሌላውን ውሰጂ!»

«ያንችን ነው ያሉት።»

«ቢወስዱብኝሳ?»

«ስጪኝ እናትዬ» አለች ዘኪያ። ኡሙልኸይር ሰጠቻት። እጇ ግን ባዶውን እንደተዘረጋ ቀረ።

ዘኪያ መሬት ላይ ተንበረከከችና ነጠላዋን ከራሷ አውልቃ አነጠፈችው። ፀጉሯን እዚያ ግቢ ውስጥ ያየ አልነበረም። ሾጣጣዋን ሩብ ነጠላው ላይ አስቀመጠች። ቅርፊት ያለው አንዱ ጎኗ ብቻ ነው፣ ረጅሙ። በሣር ለካችው፤ ሣሩን ለሁለት አጠፈች፤ መሀሉን በወስፌ ነካችው። ከዚያ ከሹል ጫፏ እስከዚያ መሀል ቆረጠቻት።

«ይኸው ሰባበረችው!» አለ አንዱ።

«ከማሉዲን» አለች ዘኪያ። «ና።»

«እኔ?»

«አንተ ነህ ያልከው። ያንተን እዚህ አስቀምጥ። ይችንም አንተው ግጠማት። ያንተን ካላከለች የተረፈውን ውሰድ።»

ዘበኞቹ ቆሙ። አለሙ ፊሽካውን ከንፈሩ ላይ አድርጎ በእጁ ገታቸው። ከማሉዲን የእሱን ትንሽ ባለአራት ጥግ ሲያስቀምጥ እንዳይነጠቅ ዙሪያውን አየ። ከዚያ ሁለቱን ቁራሽ አነሳ። መጀመሪያ እንደነበሩበት ገጠማቸው፤ መልሰው ያችው ሾጣጣ ሆኑ።

«ይሄማ የነበረው ነው!» ሳቁበት። 

ቀጥሎ ቅርፊትን ከቅርፊት ጋር ጀርባ ለጀርባ አጣበቀ፤ ምንም የማይመስል ነገር ወጣ። ሳቁ ቆመ፤ ማጉረምረም ተጀመረ። «እነሆ አታክልም» አለ አንዱ። ተናኜ ማማሰያዋን በሁለት እጇ ጨብጣ «እመቤቴ፣ እመቤቴ» ትላለች።

ዘኪያ ጣቷን ልትልክ ፈለገች፤ አልላከችም። እሷ ከነካችው አያምኑም። «ያንተን እየው» አለች ብቻ። «ያንተ ቅርፊት የት የት ነው?»

ከማሉዲን የራሱን አየ። በሁለት ጎኑ ቅርፊት አለ፤ ሁለቱ ቅርፊት አንድ ጥግ ላይ ይገናኛሉ።  ከዚያ አንዱን ቁራሽ ባለበት ትቶ ሌላውን በጣቱ ቀስ ብሎ አዞረው፤ ቅርፊቱ ከቅርፊቱ ጥግ ላይ እስኪገናኝ፣ የቢላው ፊት ከቢላው ፊት እስኪጋጠም። ሁለቱ ሾጣጣ አንድ ሆኑ። ባለአራት ጥግ ሆኑ።

የራሱን አንስቶ በላዩ አስተኛው። በግራ አየ፣ በቀኝ አየ። ጎንበስ ብሎ ከሥር አየ። ጥግ በጥግ ላይ ነበር።

«ምን አለ?» አሉ ከኋላ ያሉት። «ምን ሆነች?»

«አከለች» አለ ከማሉዲን፣ ለራሱ።

«አይሰማም!»

«አከለች አልኩ! እኩል ናት! ተቀመጡ፣ እኩል ናት!»

ሃያ አራቱ ወዲያው አልተቀመጡም። ሁለት ሦስቱ መጥተው በዓይናቸው አዩ፤ አንዷ በጣቷ ዳሰሰች። ከዚያ አንድ በአንድ ወደየቦታቸው ተመለሱ። አለሙ ፊሽካውን ከከንፈሩ አወረደ። ከንፈሩ ላይ ክብ ምልክት ቀርቶበት ነበር። ዘበኞቹ ባዶውን ቅርጫት ይዘው ወደ መጡበት ሄዱ።

ከማሉዲን ሁለቱን ቁራሽ ለኡሙልኸይር ዘረጋላት።

«ፍርፋሪውሳ?» አለች።

«ምን?»

«ነጠላው ላይ የቀረው። የእኔ ነው እኮ፣ ያንተማ አልተቆረጠም!»

ከማሉዲን ነጠላውን በአራት ጫፉ አንስቶ ፍርፋሪውን መዳፏ ላይ አራገፈላት። እስከ መጨረሻዋ። ከዚያ ነጠላውን ለዘኪያ ሰጣትና ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «እትዬ፣ የባለመሬቱን ነገር... ተይው» አለ።

ዘኪያ ነጠላውን ተቀብላ እዚያው ተቀመጠች።

ልጆቹ በልተው ሲበተኑ አለሙ መጥቶ አጠገቧ ቁጢጥ አለ። «ዛሬ አለፈ» አላት። «ነገ ግን አሥር ዳቦ ብቻ ነው የሚመጣው። ሸረፈዲን ዱቄት አጥሮታል። ሁለት ልጆች ደግሞ ከዋጃ ገብተዋል፤ ሃምሳ ሆነዋል። ትእዛዙ ያው እንደነበረ ነው። ልንገርሽ ብዬ ነው።»

አሥር ዳቦ ለሃምሳ። ዘኪያ በጣቷ ቆጠረች። ለአምስት አንድ። ዳቦው አራት ጥግ አለው፤ ልጆቹ አምስት ናቸው።

ተነሳች። ዳቦውን ያመጣው የሸረፈዲን ልጅ ጥሎት የሄደ አንድ የቆርቆሮ ቂጥ ነበር። ጭቃው ላይ ጠቅጥቃ ስታነሳው ባለአራት ጥግ ዳቦ ታተመ። ልጆቹ እዚያና እዚያ ጥላ ሥር ተጋድመዋል። ተናኜ ልትጠራላት አፏን ስትከፍት ዘኪያ ቀደመቻት።

«ኑ!» አለች። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነበር። «ነገ ለአምስት ነው!»

መጡ። ከማሉዲን ሣሩን በጠርዙ አዞረ፤ ዘኪያ ለአምስት አጠፈችለት። አምስት ቦታ ምልክት አድርገው ከየምልክቱ ወደ መሀል ቆረጡ። የወጣው አምስቱም አይመሳሰልም። አንዱ ጥግ አለው፣ አንዱ ሾጣጣ ነው፣ አንዱ ትከሻው ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ።

«እኩል ናቸው እትዬ?» አለ ከማሉዲን።

«አላውቅም» አለች። መዋሸት አልፈለገችም። አምስቱንም አየች፤ ዓይኗ አልነገራትም። «እስኪ አድቦልቡሏቸው። ቅርጻቸው ይጥፋ። አንዷንም ፍንካች ሳታስቀሩ።»

አምስት ልጆች አምስቱን ቁራሽ በመዳፋቸው አድቦለቦሉ። አምስት የጭቃ ኳስ ሆነ። መሬት ላይ በመስመር ደረደሯቸው። ሁሉም ወደ ኡሙልኸይር አየ። እሷ ካላሳለፈችው እንደማያልፍ ያውቃሉ።

ኡሙልኸይር ታሂርን ከጀርባዋ አውርዳ በሆዷ ተኛች። ጉንጯን አፈሩ ላይ አድርጋ አንድ ዓይኗን ጨፈነች። በመስመሩ ትክክል ብዙ ጊዜ አየች። ሁለተኛውን አንስታ ከአራተኛው ጋር በሁለት እጇ መዘነችው፤ መለሰችው። አምስተኛውን አነሳች፤ መለሰችው። 

«እትዬ» አለች ልጅቱ በመጨረሻ፣ ጉንጯ አፈር እንደለበሰ። «የለካው የሚያነሳት ትንሿ የትኛዋ ናት? ለይቼ ማወቅ አቃተኝ።»